ጠዋት ጠዋት የማይነሳው ቪትዝ፦ ከደብረ ብርሃን አንድ የፍሬን መብራት ጉዳይ

መኪናው ነጭ ቶዮታ ቪትዝ ነው። አውቶማቲክ ነው፤ ሞተሩ አንድ ሊትር። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል፤ እንዲህ ያለ ቪትዝ አገራችን ውስጥ ሞልቷል። ባለቤቱ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ማታ ደህና ያቆሙት መኪና ጠዋት አይነሳላቸውም። ጉዳዩ ይኸው ነው።

ጊዜው ታኅሣሥ ነው። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ምን እንደምትመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት የመኪና መስታወት ነጭ ለብሶ ይገኛል። በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀች ከተማ መሆኗም ያምርባታል። ስለዚህ መኪና ጠዋት እምቢ ካለ የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነው፦ «ብርዱ ነው፣ ባትሪውን ገደለው።»

መምህሩም አመኑ። ማመናቸው አይፈረድበትም፤ ማስረጃም ነበራቸው። ውርጭ በከበደበት ሌሊት ማግስት መኪናው አይነሳም። ሰማዩ ደመና ይዞ ብርዱ ሲላላ ደግሞ እየተንገዳገደም ቢሆን ይነሳል። ሸዋሮቢት ዘመድ ጥየቃ ወርደው ሲያድሩማ ቁልፉን ገና ሲያዞሩት ይነሳል። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ብርድ ካለ አይነሳም፣ ብርድ ከሌለ ይነሳል።

ባትሪው ተቀየረ። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ የአሮጌውን ጠባይ ያዘ። አንድ ጎረቤት ዲናሞውን ጠረጠረ። ተለካ፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት አለ። ይሄ ጤነኛ ነው፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። በመጨረሻ መምህሩ የራሳቸውን መላ አገኙ። ማታ ማታ ኮፈኑን ከፍተው በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታሉ፤ ጠዋት መልሰው ያስሩታል። ጋቢ ደርበው፣ ቁልፏን ኪሳቸው ከትተው። መኪናው በውርጭም ይነሳ ጀመር።

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ተፈትቶ ነበር፤ ልብ ያለው ግን አልተገኘም። ብርድ ባትሪን ያደክማል እንጂ ኤሌክትሪኩን አፍስሶ አያወጣውም። ገመዱ ሲፈታ ብርዱ እንዳለ ነው፤ መኪናው ግን ተነሳ። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ከባትሪው የሚጠጣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

የሚጠጣውን ነገር የነገራቸው የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ከኋላቸው ሆኖ መብራት ሲያበራባቸው መጣ። ደብረ ሲና ሲደርሱ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እግርዎን ፍሬኑ ላይ አሳርፈው ነው እንዴ የሚነዱት? ከዋሻው ጀምሮ ስቶፕዎ አልጠፋም» አላቸው።

ጣርማበር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አይደለም። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ፣ ሰዉ ሙሶሎኒ የሚለው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። ጉም ሲወርድ ከፊትህ ያለውን መኪና የምታየው በኋላ መብራቱ ብቻ ነው። ቀይዋ ደመቅ ስትል ፍሬን ያዘ ብለህ አንተም ትይዛለህ። ሁልጊዜ የደመቀ መብራት ግን ምንም አይነግርህም። ሰውየው ሲይዝም ሳይዝም ያው ነው። ከኋላ ያለው ሹፌር የሚያውቀው ሲጋጭ ነው።

መምህሩ አንድ ጋራዥ ገቡ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። እዚያ የፍሬን መብራት ስዊች ተቀየረ። መብራቱ አልጠፋም። ስዊቹን እስኪበቃው ወደ ውስጥ አጠበቁት። አሁንም አልጠፋም። «እንግዲያው ሽቦው ሾርት ነው፣ ዳሽቦርዱ ይውረድ» ተባለ። መምህሩ የዳሽቦርድ ማውረጃ ዋጋ ሲሰሙ «ይቆየኝ» አሉ። ጋራዡ ታዲያ ፊውዙን ነቅሎ ሰጣቸው። መብራቱ ጠፋ፤ ባትሪውም ማደር ቻለ።

ከዚያ በኋላ ግን ማርሹ ከፒ፣ ከማቆሚያው ቦታ፣ አልወጣም አለ።

ወደ እኔ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ማርሹን ለማስለቀቅ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በካቻቢቴ እየተጫኑ ነው የሚነዱት። አንድ ሰው አሳይቷቸው ኖሯል። ፊውዙን ከአመድ ማስቀመጫው አውጥተው ሰጡኝ። የተፈታውን አሮጌ ስዊችም በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። እንደዚህ ዓይነት ደንበኛ ይስጣችሁ፤ የወለቀ ዕቃ ከነታሪኩ ይዞ የሚመጣ ብርቅ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ መኪና ባትሪ ነው፣ ሽቦ ነው ወይስ ማርሽ?» አሉኝ።

«አንድ ነገር ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ምክንያቱን ላስረዳ።

የፍሬን መብራት ስዊች የሚሠራው እንደ ፍሪጅ መብራት ነው። የፍሪጁ በር ሲዘጋ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ መብራቱን ያጠፋዋል፤ በሩ ሲከፈት ቁልፏ ትወጣለች፣ መብራቱ ይበራል። እዚህም እንዲሁ ነው። ከስዊቹ ጫፍ የምትገባና የምትወጣ አጭር ምላስ አለች። እግርህ ፍሬኑ ላይ ሳይሆን የፔዳሉ ክንድ ምላሷን ወደ ውስጥ ገፍቶ ይይዛታል፤ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ፍሬን ስትረግጥ ክንዱ ይሸሻል፤ ምላሷ ትወጣለች፤ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ መብራት ይሄዳል። ብዙ ሰው ፔዳሉ ስዊቹን «ሲጫነው» መብራቱ የሚበራ ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ይህን ካልያዝን ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይምታታል።

ሁለተኛው ነገር፣ ይህ መስመር በመኪናው ቁልፍ አያልፍም። ከባትሪ በፊውዝ በኩል በቀጥታ ስዊቹ ላይ ይደርሳል። ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ብትከተውም ፍሬን ስትረግጥ መብራቱ ይበራል። ስለዚህ ስዊቹ ተከፍቶ ከቀረ መኪናው ቆሞም ይበራል፤ ሌሊቱን ሙሉ።

ሦስተኛው፣ ስዊቹ የሚናገረው ለመብራቱ ብቻ አይደለም። አውቶማቲክ መኪና ውስጥ የማርሹን መቆለፊያም ያዛል። ፍሬን መያዝህን ካላወቀ ማርሹን ከፒ አይለቅም። ፊውዙ ሲነቀል መቆለፊያው «ይሄ ሰው ፍሬን አልያዘም» ብሎ ደመደመ። ጋራዡ አንዱን ችግር በሌላ ለወጠላቸው እንጂ የፈታላቸው ነገር የለም። ደግሞም የፍሬን መብራት ጨርሶ በሌለው መኪና ጣርማበርን መውረድ፣ ሁልጊዜ በሚበራው ከመውረድ የባሰ ነው።

ፊውዙን መለስኩት። ከኋላ የግራው መብራት በራ፤ የቀኙ አልበራም። መሀል ላይ የኋላ በሩ ላይ ያለችው ሦስተኛዋም ዝም አለች። ቁልፉን ከፍቼ እግሬን ከፔዳሉ አርቄ ማርሹን ሳብኩት። ካለ ምንም ትግል ከፒ ወጣ። ይሄ ትልቅ ምልክት ነው። አውቶማቲክ ያላችሁ ሰዎች ቴስተር ሳትይዙ፣ ከመኪና ሳትወርዱ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ የእጅ ፍሬን ያዙና ሜዳ ላይ ይሁን። ፍሬን ሳይረገጥ ማርሹ ከፒ ከወጣ፣ መኪናው ፍሬን የተያዘ እየመሰለው ነው።

ነገሩ አምፖሉ ጋ ወይም የኋላ ሶኬቱ ጋ ቢሆን ኖሮ ማርሹ ድረስ አይመጣም ነበር። የኋላ ሶኬት ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበትን መስመር) ሲያጣ፣ ወይም ባለ ሁለት ክሩ አምፖል ውስጥ ክሮቹ ሲነካኩ፣ መብራት ያለቦታው ይበራል፤ ይሄ የታወቀ ነው። የእኛ ግን ከላይ ነው። ወይ ስዊቹ፣ ወይ ከስዊቹ በኋላ ያለ ሽቦ ከሌላ ቀጥታ መስመር ጋር የተነካካ።

ሁለቱን የሚለይ አንድ እንቅስቃሴ አለ። ዳሽቦርድ ማውረድ አይጠይቅም። የስዊቹን ሶኬት መንቀል ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ መብራቱ ከበራ ኤሌክትሪኩ በሌላ በኩል እየገባ ነው፤ ያኔ ሽቦ ይፈለጋል። ከጠፋ ግን ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በስዊቹ ውስጥ ብቻ ነው።

ስዊቹ የት ነው? መሪው ስር አንገትህን አስገባ። ወንበሩን ወደ ኋላ ግፋው፤ ካልሆነ ጀርባህ አይለቅህም። የፍሬን ፔዳሉን ክንድ በእጅህ ይዘህ ወደ ላይ ተከተል። ክንዱ ከተንጠለጠለበት ብረት ጋር የምትተያይ፣ አውራ ጣት የምታክል ፕላስቲክ ሲሊንደር አለች፤ ከኋላዋ ሶኬት ተሰክቷል። ሁለት ወይም አራት ሽቦ ይኖረዋል። እሷ ናት። ማንዋል ማርሽ ያለው መኪና ላይ የፍሪሲዮኑም ፔዳል ተመሳሳይ ስዊች ሊኖረው ስለሚችል እንዳትምታቱ።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ መኪና ላይ አይሠራም። የድሮዋን ቮልስ የያዘ ሰው ፔዳሉ ሥር ቢፈልግ አያገኘውም፤ የእሷ ስዊች በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠራ ሆኖ የፍሬን ፖምፓው ላይ ተጠምዷል። የአየር ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪኖችም በአየር ግፊት የሚሠራ ነው ያላቸው።

ሶኬቱን ነቀልኩት። ረዳቴ ከኋላ ሆኖ «ጠፋ!» አለ። ሽቦው ነፃ ወጣ። የዳሽቦርዱ ወጪ እዚያው ቀረ።

ቀጥሎ ሶኬቱ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች በቴስተር ለካሁ። ቴስተሩ 20 ቮልት ዲሲ ላይ፣ ጥቁሩ እግር ንጹሕ ብረት ላይ። አንዱ ቀዳዳ 12.3 አሳየ፤ ከፊውዝ የሚመጣው እሱ ነው። ሌላው ባዶ። የሽቦውን ቀለም አላየሁም፤ አይታመንም። መሪው የዞረ መኪና ላይ ሽቦ ተቆርጦ ተቀጥሏል፣ ረዝሟል። እዚህኛው መኪና ላይ ከቅጥሉ ወዲህ ያለው በሙሉ ቀይ ነው፤ በናስትሮ ተጠቅልሎ። ቀለም ተከትሎ የሚሠራ ሰው እዚህ ይጠፋል። የሚመራው ቮልቱ ነው።

ከዚያ ስዊቹን ፈታሁት። ቴስተሩን ወደሚጮኸው ቦታ አዙሬ ሁለቱን እግሮች ሁለቱ ብረቶች ላይ አሳረፍኩ። ምላሷ ወጥታ ሳለች ጮኸ፤ በኦም ሲታይ 0.3 ነው። በአውራ ጣቴ ስጫናት ዝም አለ። ስለቃት ጮኸ። ስጫናት ዝም። ማድረግ ያለበትም ይሄንኑ ነው። በሶኬቱ ላይ አራት ብረት ያለው ስዊች ቢሆን፣ ሁለተኛው ጥንድ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ስትጫን የሚጮህ፣ ስትለቅ ዝም የሚል። ጥንዱን ሳይለይ የለካ ሰው ጤነኛውን ስዊች «ሞቷል» ሊል ይችላል።

የመምህሩን ፌስታል ከፈትኩ። አሮጌውም ስዊች ያው ነው፤ ስጫን ዝም፣ ስለቅ ይጮሃል። 0.4 ኦም። ምንም አልሆነም።

ስዊቹ ደህና ነው። ሽቦው ደህና ነው። መብራቱ ግን አይጠፋም። ታዲያ ምን ቀረ? ምላሷን መግፋት ያለበት ነገር።

የስልክ መብራት ይዤ ተመልሼ ገባሁ። የፔዳሉ ክንድ ላይ፣ ልክ ምላሷ ማረፍ በሚገባት ቦታ፣ ቀዳዳ አለ። ክብ፣ ንጹሕ ቀዳዳ። ባዶ። ቶዮታ ሲሠራው እዚያ ቀዳዳ ላይ አንዲት ትንሽ ላስቲክ ሰክቶበታል። የምላሷ ማረፊያ እሷ ናት። ዓመታት ሲያልፉ ትደርቃለች፤ ትሰነጠቃለች፤ አንድ ቀን ተፍረክርካ ትወድቃለች። ያኔ ክንዱ ወደ ቦታው ሲመለስ ምላሷ የምትገፋበት አታገኝም፤ በቀዳዳው ውስጥ ሾልካ ትገባለች። ስዊቹ ታዲያ ምን ይወቅ? እግር ፍሬኑ ላይ ያለ ይመስለዋል። መብራቱን ያበራል።

ምንጣፉን አነሳሁ። ከሥሩ አቧራና የሰንደል ስንጣሪ መሀል፣ ወተት በፈሰሰ ሻይ ቀለም የሆኑ የላስቲክ ፍርፋሪዎች አገኘሁ። በጣት ሲነኩ እንደገና ይደቅቃሉ። መዳፌ ላይ አድርጌ ለመምህሩ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አጠገባቸው አስጠግተው አዩ።

«ለዚህች ነው ባትሪ የገዛሁት?»

«ለዚህችው ነው፣ ጋሼ።»

ይሄ የቪትዝ ብቻ በሽታ አይደለም። ሌላም ቶዮታ፣ ሂዩንዳይ፣ ኪያ፣ ሆንዳ፣ ኒሳን ላይ ያጋጥማል። መኪናው ካረጀና የፍሬን መብራቱ አልጠፋ ካለ ስዊች ከመግዛት በፊት ምንጣፍ ሥር ማየት ይሻላል። ምንም አያስከፍልም።

አሁን የብርዱን ነገር እንመልከት፤ የጉዳዩ ማር ያለው እዚህ ነው። የፍሬን አምፖል 21 ዋት ነው። በ12 ቮልት ሲካፈል 1.75 አምፔር ይሆናል። የቀኙ አምፖል ሌት ተቀን በርቶ ተቃጥሏል፤ መስታወቱ ውስጡ ጠቁሯል። የሦስተኛዋ ሽቦ በኋላ በሩ ማጠፊያ ላይ ተበጥሷል፤ ቪትዝን የመሰለ መኪና በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ይታጠፋል። ስለዚህ ሌሊት የሚበራው የግራው ብቻ ነበር። መምህሩ ከማታው 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያቆሙታል። 13 ሰዓት በ1.75 ሲባዛ 23 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይመጣል። የእሳቸው ባትሪ ባለ 40 አምፔር-ሰዓት ነው። ጠዋት የሚቀረው 17 ነው።

17 ይበቃል ወይ? ሸዋሮቢት ላይ ለአንድ ሊትር ሞተር ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ በሌለበት ሌሊት በግድ ይበቃል። ውርጭ ሲሆን ባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካል ይንቀራፈፋል፣ የሞተር ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሪኖው የሚጠይቀው ይጨምራል። ያኔ 17 አይበቃም። ብርዱ እንግዲህ ሌባው አይደለም፤ ግብረ አበሩ ነው። ሁለቱም አምፖል ቢሠራ ኖሮ ባትሪው ሸዋሮቢትም ላይ ይሞት ነበር፤ ያኔ ብርዱን የሚያማ አይኖርም፣ ነገሩም ቶሎ ይገኝ ነበር። የተቃጠለው አምፖል ነው ሁሉንም ያሳሳተው።

ግን መብራቱ ሌሊት እንዴት ሳይታይ ቀረ? ጠየቅኋቸው። ከውርጭ ለመከላከል ገና ሳይጨልም መኪናውን ሸራ ያለብሱታል። ቀን ደግሞ የደጋ ፀሐይ የደበዘዘ መብራት ላይ ሲያርፍ ይብራ ይጥፋ አይለይም። እዚህም ብርዱ እጁ አለበት።

ጥገናው አጭር ነው። ላስቲኳ የዚያን ቀን አልተገኘችም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚሄድ ሰው ናሙናዋን ነገርነው። እስከዚያው ቀዳዳው ውስጥ ጠፍጣፋ ራስ ያለው ባለ 6 ቡሎን ከነስፕሪንግ ሮንዴላው አሰርንበት። ራሱ ወደ ምላሷ ዞሮ፣ ዳዶው በወዲያ በኩል። ጠንክሮ መታሰር አለበት። ወልቆ ፔዳል ሥር የሚገባ ቡሎን ከማይጠፋ መብራት የከፋ ነገር ያመጣል። በማስቲሽ የተለጠፈ ሳንቲምና በሽቦ የታሰረ ቆርኪም አይቻለሁ፤ ፍሬን ፔዳል ላይ እንዲህ ያለ ብልሃት አይደረግም።

ከዚያ የስዊቹ ልክ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው ቸል የሚለው ነውና አደጋውም እዚህ ነው። ጋራዡ መብራቱ አልጠፋ ሲለው ስዊቹን ወደ ውስጥ አጥብቆት ነበር ብያለሁ። ምላሷ ቀዳዳ ውስጥ ስለገባች ምንም ቢያጠብቅ አትገፋም። የስዊቹ አካል ግን ክንዱን ገፍቶ ፔዳሉን ጥቂት አስረገጠው። መኪናው ፍሬን እንደያዘ ይሄድ ነበር። መምህሩን «ሰሞኑን ዳገት ላይ አልከበደዎትም?» ስላቸው ደንገጥ አሉ። ጣርማበርን ሲወጡ ጉልበት ማጣቱን፣ አንድ ቀንም የተቃጠለ ሽታ መሽተቱን ነገሩኝ። የፊቱን ጎማ በክሪክ አንስተን በእጅ ስናዞረው ሸክም ነበረው። በዚህ ሁኔታ ከዋሻው ወደ ደብረ ሲናና ወደ አርማንያ ቁልቁል መውረድ፣ ፍሬኑ ሳይረገጥ ግሎ፣ ሲፈለግ እምቢ ሊል ይችላል።

ይህ ስዊች ጥርስ ያለውና በዳዶ የሚታሰር ዓይነት ነው። ዳዶው በ14 ቁልፍ ይላላል፤ ስዊቹ ሶኬቱ ተነቅሎ በእጅ ይዞራል። ካልተነቀለ ሽቦው አብሮ ይጠማዘዛል። በበርካታ የቶዮታ መኪኖች በስዊቹ አካልና በፔዳሉ ማረፊያ መሀል መኖር ያለበት ክፍተት ከ0.5 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ተመልሶ፣ ምላሷ ገብታ፣ የስዊቹ አካል ግን ሳይነካ። አንድ ሚሊ ገደማ ላይ ተውኩት። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ጥርስ የለም፤ ስዊቹ ገብቶ ሩብ ዙር ሲዞር ይቆለፋል።

ጎማዎቹን መልሰን አዞርን፤ ላሉ። ፔዳሉን በጣት ጫን ሳደርገው፣ እግር ገና ክብደት ሳያሳርፍ፣ ረዳቴ «በራ» አለ። ለቀቅኩ፤ «ጠፋ።» ማርሹ ከፒ እምቢ አለ፤ ፍሬን ስረግጥ ወጣ።

መብራቱ ቢጠፋም የሌሊቱን ፍሳሽ ሳልለካ መኪና አላስረክብም፤ ሌላ ጠጪ ሊኖር ይችላል። ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጌ፣ ቀዩን ገመድ ወደ 10 አምፔሩ ቀዳዳ አዛውሬ፣ በኔጋቲቭ ገመዱና በባትሪው መሀል አስገባሁት። በዚህ ሁኔታ ሞተር አይቀሰቀስም፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። በሮቹ ተዘጉ፣ መኪናው እስኪተኛ ጥቂት ጠበቅን። 0.02 አምፔር። እስከ 0.05 ድረስ ሰላም ነው። ለማወዳደር ብዬ ምላሷ እንድትወጣ ፔዳሉን በዱላ አስረገጥኩት። 1.77 አሳየ። መምህሩ ቁጥሯን በብዕር እጃቸው ላይ ጻፏት። አስተማሪ አስተማሪ ነው።

የቀኙ አምፖል በባለ 21 በ5 ተተካ። ይሄ አምፖል ሁለት ክር አለው፤ 5 ዋቱ ለማታ መብራት፣ 21 ዋቱ ለፍሬን። ጎንና ጎኑ ያሉት ጆሮዎች ከፍታቸው የተለያየ ነው፤ በግድ ገልብጦ የሚያስገባ አለ፤ ያኔ የማታው መብራት እንደ ፍሬን ይደምቃል፣ ፍሬኑ ይደበዝዛል። የሦስተኛዋ ሽቦ ተቀጠለ።

የዚህ ጉዳይ ተቃራኒ፣ ማለትም መብራቱ ጨርሶ የማይበራበት፣ የበለጠ የተለመደና የቀለለ ነው። ፊውዝ፣ ከዚያ አምፖል፣ ከዚያ ስዊች። ሁለቱም አምፖል በአንድ ጊዜ መቃጠላቸው ብርቅ ስለሆነ ሁለቱም ከጠፉ ፊውዙና ስዊቹ ይቀድማሉ። ስዊቹ ሳይነቀል ከኋላ በኩል ይለካል፦ አንዱ ሽቦ ሁልጊዜ 12፣ ሌላው ፍሬን ሲረገጥ ብቻ 12። የገባው 12.4 ሆኖ የወጣው 11 ከሆነ የስዊቹ ውስጥ ብረት ተቃጥሏል፤ ያኔ እውነትም ይቀየር።

ብቻዬን ነኝ፣ ከኋላ የሚያይልኝ የለም የሚል ሰው ማታ መኪናውን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በመስታወት ይመልከት። ቀዩ ነጸብራቅ ሁሉንም ይነግረዋል። ሸራ ከመልበሱ በፊት ግን።

ላስቲኳ ከሰሞኑ ከሶማሌ ተራ መጣች፤ ቡሎኑን አውጥተን እሷን ሰካን፣ ክፍተቱንም እንደገና ለካን፤ የቡሎኑ ራስና የላስቲኳ ውፍረት አንድ አይደለምና። መምህሩ በፌስታል የነበረውን ስዊች ምን ላድርገው አሉኝ። «ደህና ነው፣ መኪናው ውስጥ ያስቀምጡት» አልኳቸው። አዲሱን ፈትተን አሮጌውን እንድንመልስላቸውና አዲሱን ለሻጩ እንዲመልሱ ሐሳብ ነበራቸው። የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚመልስ ሱቅ ካለ እኔንም አሳዩኝ ብዬ ሳቅን። የባትሪውም ነገር ያው ነው፤ አሮጌው ምናልባት ቻርጅ ቢደረግ ይሠራ ነበር፤ በቅናሽ ተለውጦ ሄዷል።